ራቁቷ የታረመች ዕለት

ሦስቱ ፂማሞች ሸሆች ይመስሉኝ ነበር። በቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቀይ ጨርቅ ተደርጎላቸው፣ ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ከሚሴ ውስጥ ያደገች ልጅ፣ ፂሙ የረዘመና ትልልቅ ሰዎች ብድግ ብለው የሚያጨበጭቡለት ሰው ሸህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ከየት ታውቃለች? አንድ ቀን እንዲያውም አዳራሹ በር ላይ ቆሜ፣ ሒሳብ እንዳልወድቅ ዱዓ አድርጉልኝ ብያቸዋለሁ። ወደቅሁ። ጥፋቱ ፂሙ አጭር የሆነው የሦስተኛው ነው ብዬ ነገሩን ተውኩት።

እነዚህ ሸሆች የጻፏቸው ኪታቦች አባቴ ዘንድ ነበሩ። አባቴ ሙህዲን የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ማለት ጠራጊውም፣ ዘበኛውም፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅነውም ማለት ነው። ቤቱ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የቆዳ መጋዘን ስለነበር ፀሐይ ስትበረታ የበግ ሽታ ከወለሉ ይነሳል፤ አንባቢም አፍንጫውን ይዞ ያነባል። ቀያዮቹ ኪታቦች ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጡ፣ ልባሳቸው ወፍራም፣ ጽሑፋቸው ወርቅማ ሆኖ በር ስትገባ ፊት ለፊት ተኮልኩለው ይቀበሉሃል። የሚነካቸው አልነበረም። አባቴ በየሳምንቱ አቧራቸውን ያራግፍላቸዋል፤ እነሱም በየሳምንቱ መልሰው ይለብሳሉ።

አባቴ ሰው የሚስቅበት ዓይነት ታማኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ ስባሪ ጠመኔ በኪሴ ይዤ ብመጣ፣ በጠራራ ፀሐይ እጄን ይዞ መልሶ ወሰደኝ። «የሕዝብ ንብረት ነው፤ ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ። ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ጥቁር ሰሌዳውን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የምትፈለገው ራቁቷ ነበረች። ራቁቷ የተባለችው ልባስ ስለሌላት ነው። ልባሷ ከመጀመሪያ ገጾቿ ጋር የሄደው መቼ እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ርዕሷንም ሆነ ደራሲዋን የሚያውቅ አልነበረም። ለማትወደው ሰው ድረዋት፣ በሠርጓ ማግስት ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ስለጠፋች ሴት የምትተርክ ልቦለድ ናት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለዩ የከተማችን ሴቶች ንባብ የለመዱት በእሷ ነው። ገጿ በጣት ብዛት ጠቁሯል፤ ጠርዟን ሕፃን አላምጦታል፤ ወጥ ያልነካው ምዕራፍ የላትም። ሴቶቹ አባቴን «ራቁቷ አለች?» ሲሉት አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ያያል፤ አባቴ ጆሮው ይቀላል።

እናቴ ዘሊካ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነበረች። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስለምታነብ አትቸኩልም። የመመለሻው ቀን ግን ይቸኩላል። ቀኑ ሲደርስ አባቴ በገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ሚስቱ እጅ መጽሐፏን ይቀበላል።

«ኧረ ትንሽ ነው የቀረኝ» ትላለች።

«ወረፋሽን ጠብቂ፣ ዘሊኬ። አሁን ተራው የአስያ ነው።»

«አስያ ጎረቤቴ አይደለች? ብነግራት ታቆይልኛለች።»

«የሕዝብ ንብረት በጉርብትና አይቆይም።»

ወረፋው ዞሮ እስኪደርሳት የት ላይ እንዳቆመች ይጠፋባትና ከመጀመሪያው ትነሳለች። የዚያችን ሴትዮ ሠርግ እናቴ ስንቴ እንደደገሰች አላህ ይወቀው፤ መጨረሻዋን ግን አላየችም።

በሐምሌ ላይ «ቤተ መጻሕፍቱ ሊታረም ነው» ሲባል ሰማሁና ደስ አለኝ። ማረም አውቃለሁ። በየክረምቱ ጨፋ ወርደን የአጎቴን የሙሄን ማሽላ ስናርም እውላለሁ። እዚያ ማሳ ላይ ከበቀለው ሁሉ የሚያምረው አቀንጭራ ነው፤ ሐምራዊ አበባ አለው። አጎቴ ግን መጀመሪያ የሚነቅለው እሱን ነው። «በአበባው አትሸወጂ፤ ከሥር ሆኖ ማሽላውን የሚመጠው እሱ ነው» ይለኛል። እናም ቤተ መጻሕፍቱም በዘፈን፣ በሰልፍ፣ በንፍሮ ይታረማል ብዬ ጠበቅሁ።

አራሚው ከደሴ በላንድሮቨር መጣ። እውነተኛ ስሙን ከተማው ወዲያው ረስቶ ጓድ እርማት አለው። የመጀመሪያ አመጣጡ ለማስጠንቀቂያ ነበር። መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ ጓድ እርማት ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጓዶች! ቤተ መጻሕፍት ማሳ ነው! አንባቢ ያጣ መጽሐፍ አረም ነው! ይነቀላል!» አለ። እኔ አጨበጨብኩ። አባቴ አየኝና ውኃ አምጪ ብሎ ላከኝ። ስመለስ አባቴ ውኃውን ተቀብሎኝ ለእንግዳው መስጠቱን ረስቶ ራሱ ጠጣው።

እኔ ውኃ ልቀዳ በሄድኩበት መሐል የሆነውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ የውሰት መዝገቡን አቅርቦለት ኖሯል። ጓድ እርማት በእጁ ጀርባ ገፋው። «መዝገብ የሚጽፈው ቢሮክራት ነው፤ እድፍ የሚጽፈው ግን ሰፊው ሕዝብ ነው!» አለ። «የተነበበ መጽሐፍ ያድፋል። ንጹሕ የሆነ ሁሉ አረም ነው።» ከዚያ ከቀያዮቹ አንዱን አውጥቶ ገለጠ። መጽሐፉ ከታተመ ጀምሮ ተገልጦ አያውቅምና አከርካሪው ቋ ብሎ ጮኸ። ጓድ እርማት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እነዚህ ንጹሕ ከሆኑማ አረሙ መጽሐፉ አይደለም። የሚታረመው ሌላ ነው። ነሐሴ ሳይወጣ እመለሳለሁ።»

ያን ለት ከሰዓት አባቴ ምሳው ፊቱ ቀርቦ እጁን አልሰደደም። «ያርሙኛል፣ ዘሊካ» አለ።

እኔ መታረም ከማንም በላይ ይገባኛል። የሒሳብ ደብተሬ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ነው። አጠገቡ ሄጄ «አብሽር አባ፣ አያምም እኮ» አልኩት። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

ከአባቴ በፊት የነበረው ኃላፊ መምህር ሸምሱ ነበር። እሱንም ሊያርሙት ወደ ደሴ እንደወሰዱት ይወራ ነበር፤ እኔም ብዙ ስሕተት ያለበት ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር። እርማቱ ዛሬም አላለቀም፤ ሚስቱ ሶፍያ ጠብቃ ጠብቃ አርጅታለች።

በማግስቱ አጎቴ ሙሄና ባለሱቁ ዘይኑ ሊመካከሩ ወደ ቤታችን መጡ። ዘይኑ የአባቴ አብሮ አደግ ነው፤ ሱቁ ከመስጊዱ ማዶ ነበር።

«በቃ ሰው ተከፋፍሎ ያንብባቸው» አለ ዘይኑ።

«እኔ ትላንት ሞከርኩ» አለ አጎቴ። «ወላሂ አንድ ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ከብቶቹ የሰው ማሽላ ውስጥ ናቸው። ካሣ ልከፍል ነው አቦ!»

«እና ምን እናድርግ? አላነበብነውም እንበል?» አለ አባቴ። እሱ እኮ ይለዋል፤ የፈሩትም ለዚህ ነው።

እናቴ ሳህን ልታነሳ ገብታ ነበር። «ማንበብ ምን ያደርጋል?» አለች። «ሰውዬው የሚያየው እድፍ አይደል? ቅቤ ቀቡት።»

ሦስቱም ዞረው አዩዋት። አጎቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዘይኑ። አባቴ አልሳቀም። «የሕዝብ ንብረት...» ብሎ ጀመረ።

«አንተስ የማን ንብረት ነህ?» አለችው።

እሑድ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው። በዚያ እሑድ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ የተሠራውን ሥራ አልረሳውም። አጎቴ ከጨፋ በቅል ሙሉ የከረመ ቅቤ ይዞ መጥቷል። ዘይኑ ከላምባ በርሜሉ ቀጥታ በመጣ እጁ ገጽ ይገልጣል። አስያ በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለችበትን ጣቷን ሳትታጠብ መጥታ ምዕራፍ በምዕራፍ ታትማለች፤ የአስያ ሕፃን አንዱ ላይ ተቀምጦ የድርሻውን ተወጣ። አጎቴ ቅቤውን በልባሱ ላይ እያሸ «የእኔ ጸጉር ካየው ዓመቱ! እሱ ግን ይጠግባል» ይላል። አባቴ ጥግ ቆሞ የገጽ ጫፍ ያጥፋል። ቢስሚላሂ ይልና ዓይኑን ጨፍኖ እጥፍ ያደርጋል፤ ዶሮ የሚያርድ ነበር የሚመስለው።

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። አባቴ ቀያዮቹን ኪታቦች ጠልቷቸዋል። እንዲታረሙ፣ እንዲነቀሉ፣ ከፊቱ እንዲጠፉለት ነው የሚያቆሽሻቸው። ይገባኛል፤ አቧራቸው ሰልችቶታል። ግን ሸሆቹን ፈራሁላቸው፤ ኪታባቸው ላይ ሕፃን አስቀምጦ ደግሞ ምን ሊመጣብን ነው?

እናቴ ብቻ ከሁሉም ተለይታ በመስኮቱ ሥር ራቁቷን ይዛ ተቀምጣለች። የዳቦ ፍርፋሪ እያሸች የገጾቿን እድፍ ታነሳለች። የላላውን በመርፌ ሰፋች፤ ሕፃን ያላመጠውን ጠርዝ በምላጭ ከረከመች፤ የተቀደደውን በዱቄት ሙጫ አጣበቀች። በመጨረሻም ዘይኑ ከሰጣት ነጭ ወረቀት ልባስ ቆርጣ አለበሰቻት። ልክ ለኢድ እንደምታለብሰኝ ቀሚስ እጥፋቱን በጥፍሯ ተጫነችው።

አባቴ ቀና ብሎ አያት። «እሷን ደግሞ ለምን?»

«እንግዳ ሲመጣ ራቁቷን ልትቆም ነው?» አለችው። «ሰውዬው ስሟን ቢሰማ ምን ይልሃል?»

አባቴ ጆሮው ቀላ። እንዲያ ሆኖ፣ ደክሞትና እጁ በቅቤ ተለውሶ፣ አላሰበበትም። ለብዙ ዓመታት የቆጨው ይህ አለማሰቡ ነው።

በእርማቱ ዕለት የሴቶች ማኅበር ከደጅ መፈክር እያሰማ፣ እኛ ልጆች በሰዎች እግር መሐል ሾልከን ገባን። እናቴ ከሴቶቹ ፊት፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ቆማለች። ቤቱ ሌላ ሽታ ሸትቷል፤ በበጉ ሽታ ላይ የከረመ ቅቤ ተጨምሮበታል። ጓድ እርማት በቀጥታ ወደ ቀያዮቹ ሄደ። አንዱን ሳበ፤ ከጣቱ ሊያመልጠው ሲል በሁለት እጁ ያዘው። ገለጠው። የአስያን አምስት ጣት ከነበርበሬው አየ። አሸተተና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አባቴ አፉን ሲከፍት ዘይኑ ቀደመው። «ሰፊው ሕዝብ ነዋ፣ ጓድ! ምሳውን እየበላ እንኳ ከእጁ አይለየውም።»

ከበሩ በኩል አጎቴ ሙሄ አላስችል አለውና «ኪታብኒ ኩን ዳዳ ኛቴ!» አለ። ሰው ሁሉ ጉንጩን ነከሰ። ይሄ መጽሐፍ ቅቤ በላ ማለቱ ነበር።

«አርሶ አደሩ ምን አለ?» አለ ጓድ እርማት።

«ይህ መጽሐፍ ሕይወታችን ነው ይላል፣ ጓድ» አለ ዘይኑ።

ጓድ እርማት ማስታወሻ ያዘ። እንባው የበርበሬው ይሁን የአርሶ አደሩ እስከ ዛሬ አላወቅንም። «በክፍለ ሀገሩ ዞሬ እንዲህ የታሸ መጽሐፍ አላየሁም!» ብሎ አባቴን በቅቤ በራሰ እጁ ጨበጠው። እኔ ተናደድኩ። አባቴ ለፍቶ ያቆሸሻቸውን ሊነቅልለት ሲገባ ይመርቃቸዋል!

ከዚያ ነቀላው ተጀመረ። በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈ የንብ ማነቢያ መጽሐፍ ንጹሕ ነበርና ተነቀለ። ስለ ባቡር ጥገና የሚያስረዳው ተነቀለ፤ በከሚሴ ባቡር አልፎ አያውቅም። እንዲህ እያለ ራቁቷ ላይ ደረሰ። ነጭ ልብሷን ለብሳ ቆማለች። አወጣት፤ አገላበጣት። አንዲት ጠብታ የለባትም።

«ይቺስ? አንባቢ አላት?»

አባቴ ዋሽቶ አያውቅም። አላት ቢል፣ ከተማው ተሻምቶ የሚያነባት መጽሐፍ እንዴት ሳታድፍ ቀረች ተብሎ ይጠየቃል። የአንዷ ንጽሕና ከተመረመረ የሌሎቹ እድፍም ይመረመራል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ አየሁት። እናቴን አያት። እናቴም አየችው።

«የላትም» አለ።

ጓድ እርማት ወደ አረሙ ክምር ወረወራት። እናቴ ጉፍታዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ቀሚሷን ይዤ እኔም አለቀስኩ፤ አባቴም አየንና አንገቱን ደፋ። ያን ዕለት የተማርኩትን ትምህርት ማንም አላረመልኝም፤ በዚህ አገር ቆሻሻ ሆኖ መገኘት ይሻላል አልኩ።

የታረሙት መጻሕፍት በጆንያ ታጭቀው ለስኳርና ለጨው መጠቅለያ ለዘይኑ ሱቅ ተሸጡ። አባቴ ግን አልታረመም። ከደሴ የምስጋና ወረቀት መጣለት፤ ከሚሴ በንባብ አርአያ ነች ተባለ። ሽልማቱ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ተጨማሪ ቀይ መጽሐፍ ነበር። ማስቀመጫ ስለጠፋ ሰው የሚያነባቸው መጻሕፍት ወለል ላይ ወረዱ። የቅቤውን ሽታ ተከትለው አይጦች ከቦርከና ዳር ሳይቀር መጡ። እነዚያን ኪታቦች ከዳር እስከ ዳር የጨረሷቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

አባቴ በእርማቱ ዕለት ቤት ሲገባ እናቴ ፊት ቁጭ አለ። «አውፍ በይኝ፣ ዘሊኬ። አፌ አልታዘዝ አለኝ» አላት።

«አውፍ ብያለሁ» አለችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

ከዚያ ወዲያ ሴቶች መጥተው «ራቁቷ አለች?» ባሉት ቁጥር «ታረመች» ይልና ይተክዛል። ደርግ ወደቀ፤ አዲሶቹ ሰዎች መጥተው ቀያዮቹን ነቀሉ፤ እሱም ጡረታ ወጣ። ራቁቷን ግን አልረሳትም። «ሁሉን ቀብተን እሷን አለበስናት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አሉ» ይላል፣ ተረቱን በራሱ ላይ እየተረተ።

አምና ሞተ። የሰደቃው እንግዳ ሲበተን እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተኛበትን ፍራሽ ጫፉን አንሺ አለችኝ። አነሳሁት። ነጭ ልባሷ ቢጫ ሆኗል እንጂ እጥፋቷ እንኳ አልተበላሸም።

ከፍራሹ ጫፍ ጋር ቆሜ ቀረሁ። ቅቤውን ማን እንዳመጣው ትዝ አለኝ፤ ሐሳቡን ማን እንዳመጣው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ። ንጹሕ የሆነው እንደሚነቀል ከእሷ በላይ ማን ያውቅ ነበር?

«እማ... አውቀሽ ነው ያጸዳሻት?»

«ታዲያ ወረፋ ስጠብቅ ልሙት?» አለች። «ከዘይኑ ጋር አስቀድመን ጨርሰናል። የጨው መግዣ ቅርጫቴ ውስጥ አድርጎ ሰጠኝ።»

«ያን ለት ስታለቅሺ...»

«እኔ? ሳቄ አምልጦኝ ነው እንጂ! አባትሽ 'የላትም' ሲል ፊቱን ብታዪው።»

መጨረሻዋ እንዴት ነው አልኳት። እጇን አወናጨፈች። «አይረባም። ያን ሁሉ በረሃ ተጉዛ፣ ተመልሳ እሱኑ ታገባዋለች። እሷን ነው ማረም።»

ሳቅን። ሳቃችን ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ሊሞት ሲያጣጥር አጠገቡ ነበርኩ፤ እጇን ይዞ «ስለዚያች መጽሐፍ አውፍ በይኝ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷም «አውፍ ብያለሁ» ብላዋለች፤ መጽሐፏ ከጀርባው ሥር እያለች።

«በዚያ ሰዓት እንኳ ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

«አባትሽን አታውቂውም?» አለች። «በዚያ ሰዓት እንኳ ተነስቶ ይመልሳት ነበር።»

ጉፍታዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔም አብሬያት ልስቅ ጉፍታዋን ገለጥ አደረግሁ። እናቴ ታለቅስ ነበር።